ማዛጋት ሲደጋገም

ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ሌሊቱን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ ሳለ፣ ደጋግሞ ያዛጋኝ ጀመር፤ ማጅራቴ ተገተረ፤ የሥራ ባልደረባዬ ያቀረበችልኝ ተራ ጥያቄም ያለ ምክንያት አስቆጣኝ። ራሴን ገና አላመመኝም፤ ነገር ግን እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ማይግሬኑ፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚነሣብኝ ከባድ የራስ ምታት ሕመም፣ መጀመሩን አውቃለሁ።

ቅድመ ምልክቱ ራስ ምታቱ ከመነሣቱ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 2 ቀናት አስቀድሞ ሊታይ ይችላል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ጣፋጭ ነገር ያምራል፤ ብርሃንና ሽታ ይከብዳሉ። ብዙ ሰው ቀስቃሹንና ምልክቱን የሚያምታታው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቸኮሌት በልቶ ማታ ራሱን ያመመው ሰው ቸኮሌቱን ይከስሳል፤ ጣፋጩን ያሰኘው ግን አስቀድሞ የጀመረው ሕመም ሊሆን ይችላል። ከቸርችል ጎዳና ሕንፃዎች መስታወት ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ በሌላ ቀን ምንም ሳይለኝ ዛሬ ዓይኔን የወጋኝም ለዚህ ይሆናል። አክስቴ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ያሹልኛል፤ ርኅራኄያቸው ትልቅ ነው፤ ሽታው ግን በዚያ ሰዓት ይብስብኛል።

በእኔ ላይ ያለ ጥርጥር ሕመሙን የሚቀሰቅሰው በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ነው። ረኀቡ፣ የውኃ ጥሙና በየማለዳው የለመድኩት ቡና መቅረት በአንድነት ይመጡብኛል፤ የቡና ልማድ ያለው ሰው ቡናው ሲቋረጥበት ያ ብቻውን ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የንስሐ አባቴን አማክሬ፣ ከፍስክ ምግብ እየተከለከልኩ በጠዋት እንድቀምስ ፈቅደውልኛል። ይህን ከድካም የሚቆጥሩ ዘመዶች አሉ፤ እኔ ግን በጨለማ ክፍል እያስመለሰኝ ከምውል ይህን እመርጣለሁ፤ ያልታከመ ማይግሬን ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላልና።

ማስታገሻውን ሕመሙ እንደጀመረ መውሰድ ከዘገየ በኋላ ከመውሰድ የተሻለ ይሠራል። ሆኖም እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉትን የማይግሬን መድኃኒቶች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ያስከትላል። በዚህም ምክንያት ባዛጋኝ ቁጥር መድኃኒት አልውጥም፤ መጀመሪያ ውኃ እጠጣለሁ፣ ምሳዬን በሰዓቱ እበላለሁ፣ የወሰድኩበትንም ቀን ከምልክቶቹ ጋር በደብተሬ እጽፋለሁ።