ከጅሬን ኮረብታ ወደ ሂርማታ

ጅማ የሄደን እንግዳ መጀመሪያ የሚወስዱት ጅሬን ነው። እኔንም ወሰዱኝ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል፤ ቤተ መንግሥታቸው ኮረብታው ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ያያል። የእንጨቱ ሥራ ብቻውን ያስመጣል። እኔን ግን የሳበኝ ከታች ያለው ነው።

ጅማን ከተማ ያደረጋት የሂርማታ ገበያ ነው። ሲራራ ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ እዚያ ይወርድ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲቆይ ሕንፃና መንገድ ጨመረበት። ኋላ ደግሞ ቡናው መጋዘንና መቀሸሪያ፣ ማለትም የደረቀ ቡና የሚፈለፈልበት ቤት፣ አመጣ።

ባጃጅ ይዤ ወደ አንድ ሥራ ያቆመ መቀሸሪያ ሄድኩ። ዘበኛው ትንሽ አንገራግረው አስገቡኝ። ማሽኑ ቺንጊያው ወልቆ አቧራ ጠጥቷል። አሠራሩን ያስረዱኝ በፊት እዚያ ለቃሚ የነበሩ እናት ናቸው። ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ ከላይ ይገባል። ገለባው በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል። ከዚያ ሴቶቹ ተደርድረው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ይለቅማሉ።

«አዴ፣ ክፍያው እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

«በኪሎ ነው ልጄ። ሚዛን የሚይዘው ሰውዬ ደግሞ የኛ ሲሆን ዓይኑ አያይለትም» ብለው ሳቁ።

ይህን የትኛው ሙዚየም ይነግረኛል?

ሥራው ከሰፈሩ የራቀው ቀስ በቀስ ነው። የሚታጠበው ቡና እዚያው በጅማ ዙሪያ ባሉት ጎማና ሊሙ፣ ገበሬው አጠገብ ይታጠባል። ለውጭ ገበያ የሚሄደውም በብዛት የሚበጠረው አዲስ አበባ ነው። መጋዘኑ ባዶ ሲቀር ሻይ ቤቱም፣ ጆንያ ሰፊውም፣ ተሸካሚውም ተከትለው ሄዱ።

እንግዳው «የቡና አገር» ተብሎ ይመጣል። ቤተ መንግሥት አይቶ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገዝቶ ይመለሳል። ቡናው የተለፋበትን ቤት የሚያሳየው የለም። ግድግዳ ቀብቶ ታፔላ መስቀል ደግሞ ለኔ ቅርስ መጠበቅ አይደለም። አንዱ ማሽን ይጠገንና ይዙር። ሚዛኑ፣ የሒሳብ መዝገቡ፣ ቤተሰብ እጅ ያለው ፎቶ ይሰብሰብ። የቀድሞ ለቃሚዎች እየተከፈላቸው ያስጎብኙ፤ በር ላይ ቡና አፍልተው ይሽጡ። ጎብኚ ሁለት ሰዓት ከቆየ ምሳውንም እዚያው ይበላል፤ ለሰፈሩ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ስወጣ ዘበኛውን «ማሽኑን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቆራሌዎች በኪሎ ጠይቀዋል። ባለቤቱ ዋጋ እስኪጨምሩ እየጠበቀ ነው» አሉኝ።