ተናካሽ ድመትን ቤት ያለመድሁበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ላይ ድመት የምትፈለገው በአብዛኛው ለአይጥ ነው። በማዳበሪያ ታስራ ትመጣለች፣ ሳሎን መሃል ትፈታለች፣ አልጋ ሥር ትገባለች፤ እጁን የላከውን ሁሉ ስትቧጭር «ክፉ ናት» ትባላለች። ክፋት አይደለም፤ መውጫ ላጣች ድመት የቀራት ጥፍሯ ነው። ስለዚህ የጀመርሁት እሷን ከመግራት ሳይሆን መውጫ ከመስጠት ነው።

ማዳበሪያውን ተውሁት። ሁለት የቲማቲም ፕላስቲክ ሣጥን አፍ ለአፍ ገጥሜ በሲባጎ አሰርሁ፣ ከሥር ጨርቅ አነጠፍሁ፣ ከላይ አየር እንዲገባ አድርጌ በጋቢ ሸፈንሁ፤ ጨለማ ያረጋጋታል። ሚኒባስ ውስጥ እንዳታስመልስ ከጉዞው በፊት 4 ሰዓት ያህል አላበላሁም። ቤት ስደርስ ሣጥኑን ከፍቼ ክፍሉን ለቅቄላት ወጣሁ።

ክፍሉ ትንሽ ይሁን፣ ዕቃ ቤትም ይበቃል። ቤቱ ሁሉ ከተለቀቀላት የምትይዘው ከሰው የራቀውን ጉድጓድ ነው። ከሁሉ በፊት ኮርኒሱን አየሁ፤ ጥጉ ከተቀደደ በመጀመሪያው ሌሊት ትወጣበታለች፣ ማውረዱ ደግሞ የሳምንት ሥራ ነው። አልጋ ሥሩን ደፍኜ በምትኩ ግራና ቀኝ በር የተቆረጠለት ካርቶን አስቀመጥሁ። በሩ አንድ ብቻ ከሆነ ሰው ደጃፉ ላይ በቆመ ቁጥር ዘላ ትነክሳለች። ሁለተኛ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ፤ ከፍ ብላ ማየት የቻለች ድመት ለመንከስ አትቸኩልም።

ከተማው ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ግን ድመቷንም ሰውንም ይገድላል። እኔ አሮጌ ባና አነጠፍሁላትና ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በካልሲ ጠቅልዬ ጥጉ ላይ አኖርሁ። የፈላ ውኃ አይሆንም፣ ፕላስቲኩን ያኮማትረዋል።

ለመጸዳጃ ሰፊ ሳፋ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ተሞልቶ ከምግቧ ይራቅ። አመድ አልመክርም፤ ሲርስ መዳፏን ያቃጥላል። ከሳፋው ውጭ ከሸናች በሳሙና አጥባለሁ። በረኪና ሽንት ላይ ሲፈስ የሚያንቅ ጋዝ ይወጣዋል።

ምግቡ ላይ የብዙ ቤት ስሕተት እንጀራ በወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያበላሻሉ፤ ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን ከ120 እስከ 150 ግራም ያለ ጨውና ቅመም የተቀቀለ ሥጋ፣ ሳንባና ልብ ቀላቅዬ በሦስት እከፍላለሁ። ጉበት በሳምንት አንድ ሁለቴ በጥቂቱ ይበቃል። ሁዳዴ ሲገባና ሉካንዳው ሲዘጋ የተቀቀለ እንቁላልና የቆርቆሮ ዓሣ ያሻግራታል። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚባለው ለሰው ነው እንጂ ለድመቷስ ዐመል ብቻ አይደለም፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማይሠራ ከሥጋ ማግኘት አለባት።

ዋናው ሥራ ርቀት ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ምግብ አስቀምጦ፣ አሸዋ አጽድቶ መውጣት ብቻ፤ አለመጥራት፣ አለማየት። ሌሊት በልታ ካደረች ደኅና ናት። 2 ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ወደ እንስሳት ሐኪም፤ ድመት ረኃብን እንደ ውሻ አትችልም፣ ጉበቷ ይጎዳል። በ4ኛው ቀን ወለሉ ላይ ጎኔን ሰጥቼ ተቀመጥሁ፣ ሳህኑ ከእኔ 2 ሜትር ርቆ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ። ጆሮዋን አቁማ እስከ መጨረሻው ከበላች በማግሥቱ ሳህኑን 20 ሳንቲ ሜትር ሳብኩ። ጎርሳ ከሮጠች ወደ ትናንቱ ቦታ መለስሁት። ይህን የመመለስ ነገር ሰው ይንቀዋል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ንቄው ነበር፣ የአንድ ቀን ጥድፊያ የአራት ቀን ሥራ አፈረሰብኝ። ዓይን ለዓይን ማፍጠጥም ለድመት ዛቻ ነው፤ ዓይንን ቀስ ብሎ ጨፍኖ መክፈት ግን ይገባታል፣ አንዳንዴም መልሳ ትጨፍናለች።

ምልክቶቿ ቅደም ተከተል አላቸው። ጆሮ ወደ ጎን ይተኛል፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ የጅራቷ ጫፍ ይወራጫል፣ ከዚያ «ፍሽ» እያለች ትነፋለች፣ ታጉረመርማለች፣ በመጨረሻ ትመታለች። ስትነፋ አትቆጧት፤ መንፋት ቅጣት እንደሚያመጣ የተማረች ድመት ሳታስጠነቅቅ ትነክሳለች።

ሳህኑ እግሬ ሥር ሲደርስ በማማሰያ ጫፍ ሥጋ አቀረብሁ፣ ቀጥሎ በጣት። መጀመሪያ ጣቴን በአፍንጫዋ ቁመት ዘርግቼ እስክታሸት ጠበቅሁ፤ ጉንጯን ካስጠጋች 3 ሰከንድ ዳብሼ እጄን አነሳሁ። ሆድና ጅራት አይነኩም። ወፍራም ጓንት ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ እሷን ያስፈራታል፣ ሰውዬውን ያደፋፍረዋል። ቁርጭምጭሚት እያደባች የምትነክሰውን ደግሞ ሸምበቆ ላይ በክር በታሰረ የዶሮ ላባ ከምግብ በፊት 10 ደቂቃ ማጫወት ነው። ክሩ ከጨዋታው በኋላ ይነሳ፣ ከዋጠችው አንጀቷን ይቆርጣል።

ከዘለለችብዎ አይሩጡ፣ ጫማም አይወርውሩ፤ ካርቶን በመሃል አድርገው ቀስ ብለው ይውጡ። ነክሳ ከሆነ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው፤ ቡና መነስነስ የለም። የድመት ጥርስ ቀዳዳው ጠባብ፣ ጥልቀቱ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ያመረቅዛል፤ የእብድ ውሻ በሽታም በድመት ይተላለፋል። ዕድሜዋ 3 ወር ከሞላ ታስከትብ። የለመደች ድመት በድንገት መናከስ ከጀመረች ዐመል ከማለት በፊት ጥርሷን፣ ጆሮዋንና ቁስል መኖሩን ሐኪም ይይላት።

በሩን የከፈትሁት በ3ኛው ሳምንት ነው፣ አንድ ክፍል ብቻ፣ ማታ፣ ከእራቷ በፊት። የራባት ድመት ትመለሳለች። ውጭ ከወር በፊት አትወጣም፤ ከወጣችም ከጎረቤት ጋር ስለ አይጥ መርዝ መነጋገር ያስፈልጋል፣ የተመረዘች አይጥ በልታ ትሞታለችና። ግቢ ውሻ ካለ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ሽታቸው ነው፤ የተኛችበትን ጨርቅ እሱ ጋ፣ የእሱን እሷ ጋ ለአንድ ሳምንት።

ዛሬም እንግዳ ሲበዛና ዕጣን ሲጨስ ወደ ዕቃ ቤቱ ትገባለች። ሁለት በር ያለውን ካርቶን ስለዚህ አላነሳሁትም፤ ሲያረጅ ብቻ በአዲስ እቀይረዋለሁ፣ ቦታውን ሳልለውጥ።