እንቅልፌን የመለሰልኝ ጌታ ይባረክ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! የምሠራው እዚሁ አዲስ አበባ፣ እሳት አደጋ ነው። ይህን ስጽፍ እንባዬ ይቀድመኛል፤ ታገሱኝ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ለማውጣት ከገቡት አንዱ ነበርኩ። እሳት ቢሆን ውኃ ትረጫለህ። የቆሻሻ ተራራ ግን ምን ታደርገዋለህ? ስካቫተሩ ሲቆፍር ከሥር ስልክ ጮኸ። ሞተሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ሁላችንም ጆሯችንን ቀሰርን። ጮኸ፣ ቆመ፣ ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ጠፋ። ማን ይደውል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የማንም ስልክ ሲጮህ ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። እኛ ዘንድ ስለ ቅዠት ማውራት ነውር ነበር። መኪናው ሰርቪስ ይገባል፤ እኛ ግሮሰሪ እንገባለን። አረቄው ቶሎ ይጥልሃል፤ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ያባንንሃል፣ ቅዠቱም ይብሳል። እንደዚያ ዓመታት አለፉ።

«በእሳትም ውስጥ በሄድህ ጊዜ አትቃጠልም» ተብሎ ሲሰበክ ተነሥቼ ወጣሁ። «እኔን ካወጣህ እነዚያን ሕፃናትስ?» ብዬ ጌታን ተናገርኩት። ክፉ ክፉውን ነው የተናገርኩት። ታገሰኝ።

ባለቤቴ ጾም ጸሎት ይዛ ነበር። አንድ ቀን «በቃኝ!» ብዬ ጠርሙሱን ደፋሁት። በማግሥቱ ሌሊት እጄ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። ላቤ አንሶላውን አራሰው። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ ባለቤቴ ጉንዳን የለም ትላለች። ከዚያ ከአልጋው ሥር ስልክ ጮኸ። ወርጄ ወለሉን በጥፍሬ መቧጨር ጀመርኩ። እሷ ወገቤን ይዛ «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» ትላለች። እኔ «ዝም በይ፣ እየሰማሁት ነው!» እላታለሁ። ጣቶቼ ደምተው ነበር።

ጎረቤታችን ነርስ ናት። ጩኸቱን ሰምታ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች። ባለቤቴ ጋኔን መስሏት ነበር። «ጸሎቱን አታቋርጪ፤ ግን አሁኑኑ ሐኪም ቤት! ብዙ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሊሞት ይችላል» አለቻት። እህቴ፣ እግዚአብሔር ዘርሽን ይባርክ! ያን ሌሊት እኮ ተረኛ ነበረች። ባልደረባዋ ቀይሪኝ ብላት ነው ቤት ያደረችው። ማን እንዳስቀየራት እኔ አውቃለሁ።

በመድኃኒት ረጋሁ። ከዚያ ወራት ሙሉ ሕክምና፣ ምክር፣ ጸሎት። ሐኪሙ የዚያን ስልክ ነገር ደጋግሞ አስወራኝ፤ መጀመሪያ ጠልቼው ነበር። «ያዳነህ ጸሎት ነው ሕክምና?» የሚሉኝ አሉ። ጌታ በነርስ እጅ ቢመልስ ምን አለበት?

«በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን ዛሬ እያነበብኩ እተኛለሁ። ስልኬ ግን አሁንም በንዝረት ነው።

አንድ የፈረቃ ጓደኛዬን በጸሎት አስቡልኝ። ስሙን አልጠራም። ባለፈው ሳምንት ጠጋ ብሎ «እስቲ ከዚያ ሐኪም ጋር አገናኘኝ» ብሎኛል። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።