ግማሽ ኪኒን

ዛሬ ደሴ፣ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ከአክስቴ ጋር ተሰልፈን ሳለ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ውስጡ በጥርስ የተገመሱ የኢናላፕሪል (የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት) ኪኒኖች አሉ። የተሰበረው ጠርዛቸው እየተፈረፈረ ነጠላውን ዱቄት አልብሶታል።

«እቴቴ፣ ለምን ትገምሽዋለሽ?»

«ቅቤ ከተውኩ ስንት ጊዜዬ! ልብን የሚጎዳው ስብ አይደል? ግማሹ ይበቃኛል።»

አንጀቴን በላችኝ። ልብ እኮ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከስብ ነው። የልብ ጡንቻ ሴል ሽፋንም መሠረቱ ስብ ነው፤ መልእክት በማድረስም ይሳተፋል። አንጂዮቴንሲን የሚባለው ሆርሞን ከውጭ ሲያንኳኳ፣ ሽፋኑ ላይ ያለች የስብ ሞለኪውል ለሁለት ትቆረጣለች። አንዱ ቁራጭ እዚያው ይቀራል፤ ሌላው ወደ ውስጥ ዘልቆ ካልሲየም ያስለቅቃል። ይህ የሆርሞኑ መልእክት ለወራት ካላባራ የልብ ጡንቻው እየወፈረ ይሄዳል። ኢናላፕሪል ያ ሆርሞን እንዲቀንስ ያደርጋል። ቅቤ መተው ደግ ነው፣ ይህን ሥራ ግን አይሠራላትም።

«ሌሊቱን ሙሉ በርሽን የሚደበድብ ቢመጣ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው የምታስቆሚው?» አልኳት።

ዝም አለች። ግማሾቹን መልሳ ቋጠረቻቸው።

ማታ ደወልኩላት። ሙሉውን ውጣዋለች።