ታናክን በእንግሊዝኛ ለማጥናት ትርጉም ስመርጥ

«አማርኛው እያለልህ በእንግሊዝኛ ምን አደከመህ?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የፈለግሁት አይሁድ ራሳቸው ታናክ የሚሉትን መጽሐፍ እነሱ በሚያነቡበት መልኩ ማጥናት ነበር። የግዕዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመው ከግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም ነው፤ አማርኛችንም ከዚያ ውርስ ብዙ ይዟል። አይሁድ የሚያነቡት ደግሞ ማሶሬት የተባለውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ ነው። ዕብራይስጥ አላውቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው የቀረበው በር እንግሊዝኛ ነው። የአይሁድ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ግን መደርደሪያ የሚሞሉ ስለሆኑ ከማንበቤ በፊት መምረጥ ነበረብኝ።

ለጀማሪ አንድ ነገር ቀድሞ መታወቅ አለበት። ከክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ አዲስ ኪዳኑን መግለጥ ቢተውት ታናክ አይሆንም። ታናክ ኦሪት፣ ነቢያት እና ጽሑፎች ተብሎ በሦስት የተከፈለ ሲሆን፣ በአይሁድ አቆጣጠር መጻሕፍቱ 24 ናቸው። ሄኖክና ኩፋሌ የሉበትም። ዳንኤል የተቀመጠው ከነቢያት ጋር ሳይሆን ከጽሑፎች ጋር ነው። የመጨረሻው መጽሐፍ ዜና መዋዕል ሲሆን፣ የሚዘጋውም የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ወደ ኢየሩሳሌም መውጣትን በሚፈቅድበት አዋጅ ነው። ሚልክያስን መጨረሻ ላይ የፈለገ ሰው መሐል ላይ ያገኘዋል።

«ለማንበብ የሚቀል» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰጣል፤ ለማን እንደሚቀል ግን የሚናገር የለም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው የሚከብደው እኔን ላይከብደኝ ይችላል፤ እሱ ሳያስተውለው የሚያልፈው ቃል ደግሞ እኔን መዝገበ ቃላት ያስገልጠኛል። ስለዚህ የሰው ምርጫ ትቼ በቃሌ የማውቃቸውን ጥቂት ቦታዎች ለየሁና ትርጉሞቹን ሁሉ በእነዚያ ላይ ፈተንኳቸው። ከዘፍጥረት የቃየንና የአቤልን ታሪክ፣ የዮሴፍን ታሪክ፣ ከዘኍልቁ ምዕራፍ 12ን፣ ከዳዊት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ወሰድኩ። ሴፋሪያ የተባለው ነፃ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት የተወሰኑትን ትርጉሞች ከዕብራይስጡ ጎን አስቀምጦ ያሳያል፤ የቀሩትን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዋስኳቸው። መጽሐፎቹ ርካሽ ስላልሆኑ ሳይፈትኑ መግዛትን አልመክርም።

በመጀመሪያ የገለጥኩት በፊላዴልፊያ የአይሁድ ኅትመት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1917 ያወጣውን ነው። ዋና አዘጋጁ ማክስ ማርጎሊስ የተባለ ምሁር ነበር። የቅጂ መብቱ ስላለፈበት በየትም በነፃ ይገኛል፤ ብዙ ሰው ከዚህ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ቋንቋው ግን የንጉሥ ጄምስን መጽሐፍ ቅዱስ እንግሊዝኛ ተከትሎ የተጻፈ ነው። የዱሮ ተውላጠ ስሞቹና የግሥ መድረሻዎቹ ለሼክስፒር አንባቢ ያምሩ ይሆናል፤ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ግን ከዕብራይስጡ ጋር ሌላ የዱሮ ቋንቋ እንደ መደረብ ነው። በዳዊቱ ጥቅስ ላይ ግን ደስ አሰኘኝ፤ ኢትዮጵያ አለች፣ እጆቿንም ትዘረጋለች።

ይኸው ማኅበር አዲስ ትርጉም ለማዘጋጀት አዲስ የሊቃውንት ጉባኤ አቋቋመ። ኦሪቱ በ1962፣ ነቢያቱ በ1978፣ ጽሑፎቹ በ1982 ወጡና በ1985 ሁሉም በአንድ ጥራዝ ታተሙ። የኦሪቱን ሥራ የመራው ሃሪ ኦርሊንስኪ ነበር። መርሁ ቃል በቃል መከተልን ትቶ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ በዘመኑ እንግሊዝኛ መግለጽ ነው። በእርግጥም ይነበባል፤ አንድ ምዕራፍ ሳያደናቅፍ ያልቃል። በዳዊቱ ጥቅስ ላይ ግን ያልጠበቅሁት ገጠመኝ። በዕብራይስጡ ቁጥር 68ኛው መዝሙር ላይ ኢትዮጵያ የለችም፤ ኩሽ ናት። እጅም የለም፤ ኩሽ ስጦታዋን ለእግዚአብሔር ለማቅረብ ትቸኩላለች ይላል። አንድ ወዳጄ ይህን ሳሳየው መጽሐፉን ወርውረው አለኝ። ዕብራይስጡን ከሚያውቅ ሰው ጠየቅሁ፤ ቃሉ «እጆቹን ያስሮጣል» እንደ ማለት እንደሆነ ነገረኝ። እጅ አለ፣ መቸኮልም አለ፤ እጁ ባዶ ይሁን ስጦታ የያዘ ግን ተርጓሚው የወሰነው ነው። ይኸው ትርጉም በአሞጽ ምዕራፍ 9 ላይ ያንኑ ኩሽ «ኢትዮጵያውያን» ብሎ ይተረጉመዋል። ለስለስ ያለ ትርጉም ዋጋው ይህ ነው፤ በየቦታው ለሚነበበው ዓረፍተ ነገር ይጨነቃል፣ አንዱን ቃል ከቦታ ቦታ መከታተል ግን ለአንባቢው ከባድ ይሆናል።

ሆኖም የ1985ቱን ትርጉም በሌላ ነገር ወደድኩት፤ በሐቀኝነቱ። በዘፍጥረት 4፥8 ቃየን ለወንድሙ የተናገረው በእኛ አማርኛ «ና ወደ ሜዳ እንሂድ» የሚል ነው። በማሶሬቱ ዕብራይስጥ ግን ንግግሩ የለም፤ ቃየን ለአቤል እንደተናገረ ይጠቅስና ምን እንዳለው ሳይነግረን ወደ ሜዳው ይሻገራል። ግሪኩ ንግግሩን ይዞታል፤ ወደ እኛም የመጣው በዚያ በኩል ነው። የ1985ቱ ትርጉም ቦታውን በነጠብጣብ ባዶ ትቶ የጥንት ትርጉሞች የያዙትን በኅዳግ ማስታወሻ ይነግራል። የ1917ቱ «ተናገረው» ብሎ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል። ሮበርት አልተር የተባለው ተርጓሚ ደግሞ ከጥንቶቹ ትርጉሞች ወስዶ ንግግሩን ከጽሑፉ ውስጥ ያስገባዋል። ሦስቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ለሚያጠና ሰው ግን ቀዳዳው የት እንዳለ የሚያሳየው ይበልጣል። በተለይ በኢዮብ መጽሐፍ «የዕብራይስጡ ትርጉም እርግጠኛ አይደለም» የሚለው የኅዳግ ማስታወሻ ደጋግሞ ይመጣል። መጀመሪያ ያናድዳል፤ ኋላ ግን ማስታወሻ የሌለበትን የኢዮብ ትርጉም መጠራጠር ጀመርኩ።

የአልተርን ነገር ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ያስገረመኝ እሱ ነውና። ሙሉውን የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻውን ተርጉሞ በ2018 በሦስት ጥራዝ አሳተመ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ስለ እሱ ሲያማርሩ አንዱ ምክንያታቸው የማያልቀው «እና» ነው፤ ዕብራይስጡ ዓረፍተ ነገሩን በ«እና» ስለሚጀምር እሱም አይተወውም። እኔ ግን ምንም አልከበደኝም። «እግዚአብሔርም ብርሃን ይሁን አለ፤ ብርሃንም ሆነ» እየተባለ ላደገ ጆሮ ይህ የታወቀ ዜማ ነው። «ም» በየቃሉ ጫፍ ላይ ስትደጋገም ሰምተን አድገናል። የ1985ቱ ትርጉም ያንን «እና» አውጥቶ ዓረፍተ ነገሮቹን ሲለያያቸው ለእኔ የጋዜጣ ዜና ሆነብኝ። ነፍስ የሚለውም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛው አቻ ሥጋ የሌላትን ነፍስ ብቻ ስለሚያስብ አልተር ከመጽሐፉ አስወጥቶታል፤ በ23ኛው መዝሙር «ነፍሴን መለሳት» የምንለውን «ሕይወቴን ይመልሳታል» ወደሚል ወሰደው። ለእኛ ችግሩ የለም፤ ነፍስ ዘራ፣ ነፍስ አድን፣ ነፍሰ ጡር የሚል ሕዝብ ነፍስ ሕይወትም እንደሆነች ያውቃል። ከባድ የተባለው ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ አንዳንድ ቦታ የቀለለው ለዚህ ነው። የሚከብደው የቃላቱ ምርጫ ነው፤ አልተር ያልተለመደ ቃል ይወዳል፣ መዝገበ ቃላት ከአጠገብ መጥፋት የለበትም።

ኤቨረት ፎክስ ከእሱም ይብሳል። በ1995 ያወጣው የኦሪት ትርጉም ጀርመን ውስጥ ማርቲን ቡበርና ፍራንዝ ሮዘንዝቫይግ የጀመሩትን መንገድ የተከተለ ነው፤ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ እንደ ግጥም በየስንኙ ተሰብሯል። ስሞቹን ግን ተመልከቱ፤ ጄኮብና አይዛክ የሉም፤ ያዕቆብ፣ ይስሐቅና ርብቃ ናቸው ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ የሰፈሬን ሰዎች ያገኘሁ መሰለኝ። ያም ሆኖ ለዕለት ጥናት አልያዝኩትም፤ ሁለት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ይደክመኛል።

በአልተር ላይ የቆረጥኩት የዮሴፍን ታሪክ ስፈትን ነው። ወንድማማቾቹ በደም የነከሩትን ልብስ ለአባታቸው ሲያቀርቡ «እስቲ ለየው» ይሉታል፤ ያዕቆብም ይለየዋል። በቀጣዩ ምዕራፍ ትዕማር የይሁዳን ማኅተምና በትር ልካ «እስቲ ለየው» ትለዋለች፤ ይሁዳም ይለየዋል። ቃሉ በዕብራይስጡ አንድ ነው፤ አባቱን ያታለለው ይሁዳ በራሱ ቃል ተያዘ። የጥንት የአይሁድ መምህራን ይህን አስተውለዋል። የ1985ቱ ትርጉም ሲጠየቁ «መርምር» ሲመልሱ «ለየው» ስለሚል ክሩ ይበጠሳል፤ አልተር በአንድ ቃል ስለያዘው ሳይነገረኝ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የዘፍጥረትን፣ የሳሙኤልንና የነገሥትን ታሪክ የማነበው በእሱ ነው።

አርትስክሮል የተባለው ማተሚያ ቤት በ1996 ያወጣው የስቶን እትም ታናክ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ዕብራይስጡ ከጎኑ አለ፤ ትርጉሙ የሚከተለው ግን የራሺን ማብራሪያ ነው። ራሺ እ.ኤ.አ. ከ1040 እስከ 1105 የኖረ የፈረንሳይ ረቢ ሲሆን፣ ኦሪትን የሚማር የአይሁድ ልጅ የሚጀምረው በእሱ ነው። መኃልየ መኃልይን ብትገልጡ የሁለት ሰዎች ፍቅር አታገኙም፤ ትርጉሙ ራሱ የእግዚአብሔርና የእስራኤል ፍቅር ሆኖ ተጽፏል። ብዙዎች ይህን ማጭበርበር ነው ይላሉ። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሰው ግን ሊፈርድ አይቸኩልም፤ የእኛም ሊቃውንት መጽሐፉን እንዲሁ በምሥጢር ነው የሚተረጉሙት። ልዩነቱ አንድምታው ንባቡን አስቀድሞ «አንድም» እያለ መጨመሩ ነው፤ ስቶን ግን ትርጓሜውን በንባቡ ቦታ ተክቶታል። በዘኍልቁ 12 ሙሴ ስላገባት ኩሻዊት ሴት ራሺ የሚለውም የሚገርም ነው፤ የኩሽ ሰው መጥቆሩን ሁሉም እንደሚመሰክር ውበቷንም ሁሉም ይመሰክራል፣ የቃሉም ፊደላት እንደ አኃዝ ሲደመሩ «መልከ መልካም» ከሚለው ጋር እኩል ይሆናሉ ይላል። እንዲህ ያለውን የምፈልግ ቀን ስቶንን እገልጣለሁ። ዕብራይስጡ ምን ይላል ብዬ በምጠይቅበት ቀን ግን አልገልጠውም።

በመጨረሻ የገዛሁት በኦክስፎርድ የታተመውን የአይሁድ የጥናት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አዘጋጆቹ አዴል በርሊንና ማርክ ዝቪ ብሬትለር ናቸው፤ መጀመሪያ በ2004 ታትሞ ሁለተኛው እትም በ2014 ወጣ። የያዘው ትርጉም ያው የ1985ቱ ነው፤ በየገጹ ግን የሊቃውንት ማብራሪያ አለ፣ በስተመጨረሻም ስለ አይሁድ የትርጓሜ ታሪክ ረጃጅም ጽሑፎች አሉት። ከ2000 ገጽ በላይ ስለሆነ በአውቶቡስ አይነበብም። ዕብራይስጥም የለበትም። ነቢያትንና ኢዮብን ያለ እሱ አልሞክርም። ማኅበሩ በ2023 ያወጣው የታደሰ ትርጉም ሴፋሪያ ላይ አለ፤ ስለ ወንድና ሴት አገላለጽ በጣም ይጠነቀቃል፤ ለማነጻጸር ይጠቅማል፣ እኔ ግን ማብራሪያ ካለው አልወጣም።

ወደ ምኩራብ ጥናት የሚሄድ ሰው ምርጫው በከፊል ተወስኖለታል። ሁሉም በቤቱ መጽሐፍ የገጽ ቁጥር ስለሚሄድ ሌላ ይዞ መቀመጥ ያስቸግራል። በኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ ብዙ ጊዜ ስቶን፣ ኮንሰርቫቲቭ በሚባሉት አይሁድ ዘንድ በ2001 የወጣው ኤጽ ሐዪም የተባለ የኦሪት መጽሐፍ፣ ሪፎርም በሚባሉት ዘንድ ደግሞ በ1981 የወጣው የፕላውት የኦሪት ማብራሪያ ይገኛል። ኦሪቱን በ54 ክፍል ከፍለው በዓመት ይጨርሱታል፤ ብቻውን ለሚያጠና ሰውም ይህ አካሄድ ጥሩ ልጓም ነው።

የቁጥሩ ነገር ደግሞ ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። በዳዊታችን 67ኛው መዝሙር ቁጥር 31 የሆነው በዕብራይስጡ 68ኛው ቁጥር 32 ነው። መዝሙሮቹ ከግሪኩ የወረስነው ቁጥር አላቸው፤ በዕብራይስጡ ደግሞ የመዝሙሩ ርእስ ብዙ ጊዜ እንደ ቁጥር 1 ይቆጠራል። ኢዩኤል በዕብራይስጡ አራት ምዕራፍ ነው፣ በብዙ የክርስቲያን እንግሊዝኛ ትርጉሞች ሦስት፤ ሚልክያስ በተቃራኒው እዚያ ሦስት፣ እዚህ አራት። ጥቅስ ፈልጋችሁ ካጣችሁ ትርጉሙን ከመውቀሳችሁ በፊት አንድ ቁጥር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ አንድ መዝሙር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሂዱ። እኔ በዳዊቴ ኅዳግ የዕብራይስጡን ቁጥር በእርሳስ ጽፌበታለሁ።