ከጉሮሮ ጥርስ እስከ ጉማራ አፍ

የማስተርስ ትምህርቴን በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አማካሪዬ ከቤተ ሙከራው አስቀድመው የወሰዱኝ ወደ ጣና ዳር፣ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ወደሚያስጠጉበት ቦታ ነበር። ገና አልነጋም፤ ቆሮሶውና አምባዛው ለየብቻ ተከምሯል፣ ነጭ ዓሣ የሚባለው ደግሞ ሌላ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። እኔ ነጭ ዓሣውን ሁሉ አንድ አድርጌ ሳይ አንድ አዛውንት አስጋሪ ሁለቱን አንሥተው ወደ ፊቴ አቀረቡልኝና «ልጄ፣ አፉን እዪው፤ ይሄ ዓሣ በላ ነው፣ ያኛው ከታች ከጭቃው የሚለቅም ነው» አሉኝ። የመጀመሪያው ቀጠን ብሎ የረዘመ፣ አፉ ሰፊ ነበር፤ የሁለተኛው ከንፈር ወፍራምና ሥጋ የበዛበት ነበር።

ያን ቀን አዛውንቱ በእጃቸው የለዩትን ነገር ሳይንስ ለመለየት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል በ19ኛው መቶ ዘመን ከጣና የወሰዳቸውን ዓሦች በተለያየ ስም መዝግቧቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ መልካቸው ቢለያይም አብዛኞቹን በአንድ ዝርያ ሥር ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች እዚሁ ሐይቅ ላይ የአካላቸውን ቅርጽ፣ ምግባቸውንና የመራቢያ ቦታቸውን አንድ ላይ ሲመረምሩ ልዩነቱ የዝርያ ልዩነት መሆኑ ታየ። ዛሬ በጣና 15 የላቢዮባርበስ (ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ሳይንሳዊ ስም) ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል፤ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለሚለየው እነዚህ ዝርያዎች እዚሁ ተለያይተው አድገዋል። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ እንዲሁ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው ያደጉት የዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋልና በእጃችን ያለው ነገር በዓለም ላይ ምትክ የለውም።

ነጭ ዓሣን ጨምሮ የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርሳቸው ከስንጥባቸው ኋላ፣ ከጉሮሮ አጥንት ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድን ዓሣ ምን እንደሚበላ ለማወቅ ያንን አጥንት በመቆንጠጫ አውጥቶ ሥጋውን ማጽዳትና ማድረቅ ያስፈልጋል። የዓሣ በሉ ጥርስ ቀጭንና እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፤ ቀንድ አውጣ የሚሰብረው ደግሞ እንደ ክራንቻ ሳይሆን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጠፍጣፋ ጥርስ አለው። የመጀመሪያውን አጥንት መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው፣ ከጥፍሬ ብዙም ያልበለጠ ነገር የአንድን ዝርያ ኑሮ እንደሚናገር ሳይ፣ ይህን ሥራ ለምን እንደመረጥኩ ገባኝ።

ሥራው ግን የብቻ አይደለም። በትምህርት ክፍላችን መለካቱ በደቦ ነው፦ አንዱ መለኪያውን ይዞ ቁጥሩን ይጠራል፣ ሌላው ደግሞ እየደገመ ይጽፋል፣ ሦስተኛው የተወሰኑትን ዓሦች የቀደመውን ውጤት ሳያይ እንደገና ይለካል። የእኔ ዓሣ ሲያልቅ የጓደኛዬ የደንገል ናሙና፣ ከዚያ የሌላዋ የእምቦጭ ሥር ይቀጥላል። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ የፎርማሊኑ ሽታ ከጋውናችን ሳይለቅ፣ ያልገጠመውን ቁጥር እናነሣለን፤ ብዙ ስሕተት የተገኘው በይፋ ውይይት ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። አንድ ክረምት ላይ ከእኔ ናሙናዎች ሁለት ብልቃጦች ላይ የተጻፈው በእስክሪብቶ ስለነበር ቀለሙ በአልኮሉ ሟሟ፤ ዓሦቹ የት ወንዝና በየትኛው ቀን እንደተያዙ ማወቅ ባለመቻሌ ከጥናቱ አወጣኋቸው። ሞተው ሳለ ለምንም አለመዋላቸው አሁንም ያሳዝነኛል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከማንም በፊት እርሳስ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ የእርሳስ ጽሑፍ አይሟሟም።

ውጤታችንን ወደ ሐይቁ ዳር መመለስ ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያለ አስጋሪዎቹ አንድም ናሙና አይኖረንም ነበርና። ዘንድሮ ከጓደኞቼ ጋር የአጥንት ስብስቡን በትሪ ይዘን ወረድን። በሞተር ጀልባ የሚካሄደው የመረብ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ፣ በ1991 እና በ2001 መካከል ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት ዓሦቹ በክረምት ወደ ጣና በሚገቡት በጉማራና በርብ ወንዞች አፍ ላይ ሲሰበሰቡ በመረብ መያዛቸው መሆኑን አስረዳን። የመራቢያ ጊዜያቸው የሚጀምረው ደግሞ ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ገበያው ዓሣ አብዝቶ በሚፈልግበት ጊዜ ነው።

እኒያ አዛውንት የጉሮሮ አጥንቱን በጣታቸው መካከል እያገላበጡ ብዙ ዝም አሉ። ቀጥለውም «ወሩን በሙሉ መረብ አንሡ ብትሉን ልጆቻችን ምን ይበላሉ? የትኛው ዓሣ በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ ለይታችሁ ብትነግሩን ግን ያችን ሳምንት እንጠብቃለን» አሉ። ጥያቄያቸውን ማስታወሻዬ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። ለነሐሴ በጉማራ አፍ ላይ በየሳምንቱ ለመቁጠር ያዘጋጀነው ዕቅድ የተነሣው ከዚያ ገጽ ነው፤ ጀልባውን የሚቀዝፉልን ደግሞ የእሳቸው ልጅ ናቸው።