እንኳን ለሚያዝያ 23 አደረሳችሁ

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለዓለም የሠራተኞች ቀን በሰላም አደረሳችሁ። ዛሬ ፈረቃ የደረሳችሁ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት እያንዳንዷ ሰዓት በ2 ተባዝታ ትከፈላችሁ፤ ከመደበኛው ሰዓት ያለፈችው በ2.5። ፔሮል ላይ ሁለቱ ይቀላቀላሉና ከመፈረማችሁ በፊት ለይታችሁ እዩ።

ይህን ሳይናገሩ በዓሉን የማያሳልፉት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ዘንድሮ የሉም። ከፋብሪካው ሽመና ክፍል ተነስተው የሠራተኛ ማኅበሩ ተደራዳሪ፣ ቀጥሎ ሊቀመንበር፣ በኋላም የከተማ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ቀብራቸው ላይ ብዙ ተባለላቸው። የሥራቸው ቁም ነገር ግን ዝርዝሩ ላይ ነበር።

ለድርድር ሲዘጋጁ ከደመወዝ አይጀምሩም፤ መጀመሪያ የየፈረቃውን የማሽን መቆሚያ መዝገብ ይሰበስባሉ። ሸማኔው ቦነስ የሚያገኘው ባመረተው ሜትር ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ክር ሳይደርስ ሲቀር፣ መለዋወጫ ሲጠበቅ የባከነው ሰዓት ሁሉ በእሱ ላይ ይቆጠር ነበር። ጋሼ ሦስቱን ለየብቻ አስቆጥረው፣ ሠራተኛው ሳያጠፋ ማሽን የቆመበት ሰዓት ከስሌቱ እንዲወጣ ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት አስጻፉ። መዝገቡን የፈረቃ ኃላፊውና የማኅበሩ ተወካይ አብረው እንዲፈርሙበትም አስጨመሩ። ያቺ ፊርማ ባትኖር አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

ረቂቅ ውስጥ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ካዩ አያልፉም። ከአሠሪው ወገን የመጣው ሰው የመፈረም ሥልጣን እንዳለው በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ ሳምንታት ተደራድሮ «ለቦርድ ላቅርበው» የሚል ሰው ሁሉን እንደገና ያስጀምራልና። ቃለ ጉባኤውም እዚያው ተነቦ ሳይፈረም አይነሱም።

ምክር ቤት ገብተውም ያው ነበሩ። የውሃ ጥያቄ ተነስቶ «በትኩረት ይሠራል» ሲባል፣ በጀቱ የት ተያዘ፣ ማን ይፈርማል፣ በስንት ቀን ያልቃል ብለው ያስመዘግባሉ። የተቀየሟቸው አልጠፉም። እኔ ግን ከወንበሩ ይልቅ የማከብርላቸው ይህንኑ ነው።

በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ የቃለ ጉባኤ መዝገቦቹን እህል ጆንያ ውስጥ ደብቀሽ ያተረፍሽ የማኅበራችን ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ አላህ ይስጥሽ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሳችሁ ሳትተኙ ድርድር የተቀመጣችሁ ተወካዮች፣ ውለታችሁ አለብን። እትዬ፣ ማታ ማታ እንግዳው የማያልቅበትን ያን የጋሼን ቤት ችለው የኖሩት እርስዎ ነዎት፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የኅብረት ስምምነታችሁ ዘንድሮ የሚያበቃ ማኅበራት፣ ከማብቂያው 3 ወር በፊት ጥያቄውን ከነረቂቁ በጽሑፍ አስገቡ፤ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ካበቃ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተቋጨ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም አንቀጾቹ ተፈጻሚነታቸው ይቆማል። የምታስቀሩት ቅጂ ላይ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማና ቀን ይኑርበት።

መልካም በዓል።